ስክሪኑ ተዋናዩን ይጠብቅ፦ የተማሪዎች ቴአትርና ፊልም በአንድ መድረክ

ሰኔ ሲቃረብ የትምህርት ቤት ድራማ ክለቦች ሥራ ይበዛባቸዋል። የወላጆች በዓል አለ፣ የዓመቱ መዝጊያ አለ። ለዚህ ቀን የሚዘጋጀው ነገር ድሮ የታወቀ ነበር፦ መነባንብ፣ ጭውውት፣ አጭር ድራማ። አሁን አሁን ግን፣ በተለይ በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ከመድረኩ ኋላ ነጭ ጨርቅ መወጠር ተጀምሯል። የታሪኩ ግማሽ ተመልካች ፊት ይተወናል። ሌላው ግማሽ በስልክ ተቀርጾ በፕሮጀክተር ይታያል።

ክርክሩም አብሮ መጥቷል። አንዱ «ይሄማ ፊልም ነው፣ ልጆቹ መድረክ ፈርተው ነው» ይላል። ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ለምን ይከለከላሉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን ቅን ነው። ችግሩ ስለ ተለያየ ነገር እያወሩ መሆናቸው ነው። ቴአትርና ፊልም የሚቀላቀሉበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ተማሪው የሚማረውም ሆነ የሚያጣው ነገር በመንገዱ ይወሰናል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው መንገድ ቀድሞ የተቀረጸ ምስልን ከመድረክ ትወና ጋር ማፈራረቅ ነው። ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ ሰፈር ውስጥ ይቀርጻሉ፣ በላፕቶፕ ወይም በስልክ ኤዲት ያደርጋሉ፣ በዕለቱ ደግሞ በየትዕይንቱ መሐል ያሳያሉ። በብዛት የሚታየው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቀጥታ ካሜራ ነው። ትወናው እየተካሄደ አንድ ተማሪ ካሜራ ይዞ ይቀርጻል፣ ምስሉ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከኋላ ወንበር ያለ ሰው የተዋናይቱን እጅ ወይም ዓይን በቅርብ ያያል። ምንም ነገር አስቀድሞ አልተቀመጠም።

ሦስተኛው ድራማውን በመድረክ ሠርቶ ቀረጻውን ራሱን እንደ ፊልም ማውጣት ነው። እዚህ አዳራሹ እንደ ስቱዲዮ ያገለግላል፤ ዋናው ተመልካች ቆይቶ በስልኩ የሚያየው ነው።

«ልጆቹ መድረክ ፈርተው ነው» የሚለው ትችት የመጀመሪያውን መንገድ አንዳንዴ በደንብ ይገልጸዋል። ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ አይነካውም። በቀጥታ ካሜራ የሚሠራ ልጅ ከተራ መድረክ የበለጠ ይጋለጣል፤ ፊቱ ሁለት ሜትር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይወጣላ!

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም

ጀርመናዊው አዘጋጅ ኤርቪን ፒስካቶር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ፊልምን መድረክ ላይ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1927 ባዘጋጀው አንድ ተውኔት ዋናው ገጸ ባሕርይ ለዓመታት የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ ተዘግቶበት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓለም ምን እንደሆነች ያሳየው ፊልሙ ነው። ዓመታቱ በደቂቃዎች አለፉ። ተዋናይ ቆሞ ቢተርከው ይረዝም ነበር፤ በምስል ግን ተመልካቹ ራሱ አለፈበት። ፊልሙ የገባው መድረኩ የማይችለውን ሊሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በብራስልስ የዓለም ኤክስፖ ላይ ቼኮዝሎቫኪያ «ላተርና ማጊካ» የተባለ ትርዒት ይዛ ቀረበች። አዘጋጁ አልፍሬድ ራዶክ፣ የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ዮሴፍ ስቮቦዳ ነበሩ። ዳንሰኞችና ተዋንያን ከተቀረጸ ፊልም ጋር በሰከንድ ተስማምተው ይንቀሳቀሱ ነበር። ተመልካቹ ተደነቀ። ስቮቦዳ ግን ቆየት ብሎ አንድ ጉድለት አንስቷል፦ ፊልሙ አይለወጥም። ስለዚህ በየምሽቱ የተለየ ትንፋሽ ሊኖረው የሚገባው ቴአትር የፊልሙ ተከታይ ይሆናል። እኔ እንደማስበው ይህ አስተያየት የዛሬውን የትምህርት ቤት ድራማ ችግር ከማንኛውም ክርክር በተሻለ ያስረዳል። ከታች እመለስበታለሁ።

በተማሪዎች ደረጃም ትልልቅ ሙከራዎች አሉ። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እ.ኤ.አ. በ2015 ኦክላሆማ ሲቲ በሚገኝ ኮሌጅ፣ በ2016 ደግሞ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማሪዎች ጋር ቀጥታ የሚተወንና የሚተላለፍ ፊልም ሞክሯል። ስሙም «ላይቭ ሲኒማ» ነው፤ ትወናው፣ ቀረጻውና የምስል ቅንብሩ በአንድ ጊዜ፣ ሳይቆም የሚከናወንበት ማለት ነው። ኮፖላ የፈለገው ፊልም ቀዝቅዞ ከመቅረቡ በፊት ያለውን ድንጋጤ፣ ስህተት የመሥራት ዕድሉን ጭምር፣ ለተመልካች ማድረስ ነው።

ለምን በከተማው ዳር?

አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ቴአትር ቤቶች ሁሉ መሐል ከተማ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ለገሃር አካባቢ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም፣ ራስ ቴአትርም፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርም እዚያው መሐል ናቸው። ከተማዋ ግን ባለፉት ዓመታት የሰፋችው ወደ ዳር ነው፦ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቂሊንጦ፣ ወደ ጀሞ። ኮንዶሚኒየሙ ሄደ፣ ሰው ሄደ፣ ትምህርት ቤት ተከተለ። ቴአትር ቤት አልተከተለም።

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ብሔራዊ ቴአትር ገብቶ ማታ መመለስ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ታክሲ መቀያየር አለ፣ ሰልፍ አለ፣ የልጆች እንቅልፍ አለ። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ላደገ ልጅ ድራማ ማለት በአብዛኛው በቴሌቪዥንና በስልክ የሚያየው ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ገብቷል። መጽሐፉ ስለ መድረክ ያስተምራል፣ ትምህርት ቤቱ ግን መድረክ የለውም። ያለው የስብሰባ አዳራሽ ወይም ሁለት ክፍል ተከፍቶ የተገናኘ ቦታ ነው። መብራቱ የቢሮ አምፖል ነው። መጋረጃ የለም።

ታዲያ ልጆቹ ወደ ስልክ ካሜራ ቢሄዱ ምን ይገርማል? ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ቋንቋውንም ያውቁታል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ቶሎ የማይታይ ምክንያት አለ። የዳር ሰፈር ታሪክ ቦታ ይፈልጋል። ያላለቀው ሕንፃ፣ በክረምት ጭቃ የሚሆነው መንገድ፣ የጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ፣ ትናንት እርሻ የነበረው ሜዳ አዳራሽ ውስጥ አይገቡም። በንግግር ብቻ ሲነገሩ ደግሞ ድራማው ስብከት ይሆናል። ካሜራ እነዚህን ያስገባል። ቤት ውስጥ የሚሆነውን ለመድረክ ትቶ መንገዱን ከስክሪን ማምጣት ለእነዚህ ልጆች ሕይወት የሚስማማ አከፋፈል ነው። ቅልቅሉን የምደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ጣጣ፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

አንድ ትዕይንት በምሳሌ እንይ። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለች። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ሁለት ጀሪካንና በር ብቻ አለ። አባቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ሄዷል። ዛሬ የወላጆች ስብሰባ አለባት፣ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። ትደውልለታለች። ስክሪኑ ላይ አባትየው የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ያነሳል።

ይህ የአባት ምስል ቀድሞ የተቀረጸ ነው እንበል። ልጅቷ «አባዬ፣ የት ደረስክ?» ትላለች። ኤዲት ያደረገው ልጅ ለዚህ ቃል ሦስት ሰከንድ ትቶላታል። ከዚያ አባት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። ልምምድ ላይ ይሠራል። በዕለቱ ግን የልጅቷ ጎረቤት እንደመሆኗ ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት «ውሸቱን ነው!» ብላ ትጮሃለች፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ልጅቷ ሳቁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፤ ጥሩ ተዋናይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፊልሙ ግን አይጠብቅም። አባትየው ሳቁ ውስጥ መልሱን ይሰጣል፣ ማንም አይሰማውም፣ ስልኩን ይዘጋል። ልጅቷ ገና ያልጠየቀችው ጥያቄ ተመልሶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሯሯጥ ነው።

ይህንኑ ትዕይንት በሌላ መንገድ ደግሞ እንየው። አባቱን የሚጫወተው ተማሪ ከአዳራሹ በር ውጭ ቆሟል። አንድ ጓደኛው ስልክ ካሜራ ደግኖበታል። ምስሉ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሳቁ ሲነሳ እሱም ይሰማል። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ራሱ ትወና ይሆናል፤ ተመልካቹ የሚዋሽ አባት ቃል ሲፈልግ ያያል። ሳቁ ሲበርድ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። አሁን ቃሉ ይመታል።

ልዩነቱ ከቴክኖሎጂው ጥራት አይደለም። እንዲያውም የመጀመሪያው ምስል የበለጠ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ሰልፍ አለበት። ሁለተኛው ግን ተዋናዩን ይጠብቃል። የስቮቦዳ ቅሬታም ይኸው ነበር። መፍትሔው የግድ የተቀረጸውን መጣል አይደለም። ንግግር የሌለበት ምስል (ሰልፉ፣ መንገዱ፣ ዝናቡ) ቀድሞ ቢቀረጽ ማንንም አያስቸግርም። መልስ መስጠት ያለበት ሰው ግን በቀጥታ ይተውን። የግድ መቀረጽ ካለበትም ፊልሙ በአጫጭር ቁራጭ ተከፍሎ፣ ላፕቶፑ ጋ የተቀመጠው ልጅ መድረኩን እያየ አንድ በአንድ ይልቀቀው። ይህ ልጅ ቁልፍ ነኪ ብቻ አይደለም። እንደ ተዋናይ ልምምዱ ላይ ከመጀመሪያው ቀን መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠራው በመጨረሻው ቀን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ዓይን። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው ዓይን ወደሚያበራውና ወደሚንቀሳቀሰው ይሄዳል። ስክሪኑ ሁልጊዜ ከተዋናዩ ይበራል። ምስሉ እየሮጠ ተዋናይ ከፊቱ ቢናገር የሚሸነፈው ተዋናዩ ነው። የድምፁ ጉልበት አይረዳውም። አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ተመልካቹ የት ማየት እንዳለበት መወሰን አለበት፤ ካልወሰነ ፕሮጀክተሩ ይወስንለታል።

ትወናውም ሁለት ዓይነት ነው። መድረክ ድምፅና ሰፊ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ካሜራ በቅርብ ሲይዝ ግን ቅንድብ ማንሳት እንኳ ብዙ ነው። ልጆች ይህን ልዩነት በአንድ ድራማ ውስጥ መማራቸው ትልቅ ትርፍ ነው። ጊዜ ግን ይወስዳል።

መብራት፣ ዝናብ፣ ሽቦ

የተማሪ ድራማን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሐሳብ ሳይሆን ሽቦ ነው።

የብርሃኑን ነገር እናስቀድም። የትምህርት ቤት ፕሮግራም በአብዛኛው ቀን ነው፤ ልጆች ማታ ከዳር ሰፈር ወደ ቤት መላክ ስለማይቻል። የአዳራሽ መስኮት ደግሞ ብዙ ጊዜ መጋረጃ የለውም። የተለመደ የክፍል ፕሮጀክተር በቀን ብርሃን ይደበዝዛል። ምስሉን በስፋትና በቁመት እጥፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽና ደማቅ ምስል ከትልቅና ፈዛዛ ይሻላል። መስኮት በሸራ ወይም በጥቁር ላስቲክ መሸፈን ይቻላል። ተዋናዩን ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከጎን ማብራት ያስፈልጋል፤ የፊት መብራት ስክሪኑንም ያደበዝዘዋል።

ቀጥታ ካሜራ ላይ ደግሞ መዘግየት አለ። የስልክ ምስል ያለ ሽቦ ወደ ፕሮጀክተር ሲላክ ከእውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ግማሽ ሰከንድ እንኳ ከቀረ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይረብሸዋል። በኤችዲኤምአይ ኬብል ማገናኘት ይህንን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። ኬብሉ ረጅም ይሁን፣ መሬት ላይ በፕላስተር ይያዝ፤ ልጆች ይሮጣሉ።

አንዳንድ ቪዲዮ ላይ የሚታየው የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመርም ምክንያት አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። አንዳንድ አምፖሎች በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ሲያነሳ ሁለቱ ምት አይገጥሙም። ካሜራውን በሰከንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት (ለአንድ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ደግሞ 1/50 ሰከንድ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። በነጻ የሚወርዱ የካሜራ አፖች ይህንን ይፈቅዳሉ።

ሰኔ ላይ ዝናብ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ የፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ምንም አያሰማም። ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ የተቀረጸ ሰው ግን አይሰማውም። ስለዚህ የተቀረጸው ክፍል ያለ ድምፅም የሚገባ ሆኖ ቢሠራ ጥሩ ነው።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ መብራቱ ወዲያው ቢመለስም አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ጄኔሬተር ያለው ትምህርት ቤትም ጫጫታው ይጠብቀዋል። የሚሻለው ስክሪፕቱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ ምስሉ ካልመጣ ይህን ትዕይንት ማን ይናገረዋል? ልጆቹ ያለ ስክሪን አንድ ሙሉ ልምምድ ያድርጉ። ያን ጊዜ ሌላ ነገርም ይገለጣል። ምስሉ ሲወጣ ታሪኩ ምንም ካልጎደለው ምስሉ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ነጥብ

የመድረክ ሰዎች ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቴአትር ልጅን ቃል እንዲይዝ፣ ድምፁን እንዲያወጣ፣ ሲሳሳት ራሱን ከስህተቱ እንዲያወጣ፣ ጓደኛው ሲረሳ እንዲደርስለት ያስተምራል። ቀረጻ ላይ «ድገመው» አለ። «ድገመው» የለመደ ልጅ መድረክ ላይ ሲረሳ ይቆማል። በዚህ ትክክል ናቸው።

የጊዜው ጉዳይም አለ። ክለብ በሳምንት የሚያገኘው ሰዓት ትንሽ ነው። ቀረጻና ኤዲቲንግ ሰዓት ይበላሉ፣ የሚበሉት ደግሞ ከልምምዱ ነው። ውጤቱ ያማረ ቪዲዮና ቃሉን የማያውቅ ተዋናይ ይሆናል።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ ቅልቅሉ በር ይከፍታል ይላሉ። መድረክ መውጣት የማይደፍር ልጅ ካሜራ ይይዛል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ቅንብር ይሠራል። ይህም እውነት ነው፤ የማየት ችሎታ ያለው ልጅ ሁሉ የመናገር ችሎታ የለውም። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚያፍር ልጅ ሁሉ ወደ ካሜራ ኋላ ከተላከ ክለቡ ደፋሮቹን ብቻ ያሠለጥናል። ቦታ መቀያየር ይሻላል፦ በዚህ ድራማ ካሜራ የያዘ በሚቀጥለው ይተውን።

የሀገራችን ፊልም ታሪክም እዚህ ላይ የሚነግረን አለ። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ፊልም ሲስፋፋ ከፊት የነበሩት ብዙዎቹ ከመድረክ የመጡ ተዋንያን ነበሩ። መድረክ ያሠለጠነው ሰው ካሜራ ፊት ራሱን ማሳነስ ተማረ። ከካሜራ ተነስቶ ወደ መድረክ መውጣት ግን ይከብዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማክበር ይገባል፤ መጀመሪያ ድራማው በእግሩ ይቁም፣ ከዚያ ካሜራ ይግባ። ስክሪፕቱ ላይ ግን የስክሪኑ ቦታ ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የሚለጠፍ ቪዲዮ ሁልጊዜ ልጥፍ ይመስላል።

ቀረጻው የማን ነው?

ተራ ድራማ ካለቀ አለቀ። ካሜራ ሲገባ የሚቀር ነገር አለ። ያ ነገር በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ልጅ ቃል የረሳበት አሥር ሰከንድ ተቆርጦ ሊዞር ይችላል።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተዋናይ ትወናው እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት አለው። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ፈቃዱ በወላጅ በኩል ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ሰውን ለይቶ የሚያሳይ መረጃን ይመለከታል፤ የልጅ ፊት ከዚህ ውጭ አይደለም። ድራማው የሌላ ሰው ድርሰት ከሆነ ደግሞ በመድረክ ለመጫወት የተገኘ ፈቃድ ቀርጾ ለማሰራጨት ፈቃድ አይሆንም። ጀርባ ላይ የሚገባው ዘፈንም እንደዚያው።

በተግባር አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ወላጅ የሚፈርምበት፣ ቀረጻው የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ የሚገልጽ፣ ዋናው ፋይል ማን ጋ እንደሚቀመጥ የሚናገር። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ይፈረም። ከታየ በኋላ ለማስጠፋት መሯሯጥ አያዋጣም።

ማርኩስ?

ትምህርቱ መደበኛ ሆኗልና መምህሩ ነጥብ መስጠት አለበት። እዚህ ላይ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ያማረ ቪዲዮ ዓይን ይሞላል። የተሻለ ስልክ ያለው ልጅ ቡድን የተሻለ ምስል ያወጣል፤ ያ ደግሞ የቤተሰብ ገቢ እንጂ የልጁ ችሎታ አይደለም። ነጥቡ በምስል ጥራት ከተሰጠ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው የኑሮ ልዩነት ማርክ ሆኖ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ አንድ ስልክ መድቦ ሁሉም ቡድን በዚያ እንዲቀርጽ ማድረግ ይችላል። ነጥቡም በሦስት ቢከፈል ጥሩ ነው፦ ለስክሪፕቱ፣ ለመድረክ ትወናው፣ ምስሉና ትወናው ለተገናኙበት መንገድ። ለሦስተኛው መምህሩ የሚያየው ቀላል ነገር ነው፦ ተዋናዩ ዝም ሲል ስክሪኑ ምን ያደርጋል?